የአባቴ ሣጥን፦ የክረምት የጥረዛ ማስታወሻ

እሑድ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው፤ መጻሕፍቱ ግን እስከ ትናንት ድረስ በሁለት የእንጨት ሣጥኖች እንደ ተዘጉ በእናቴ አልጋ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ሳይጀምር ሣጥኖቹን ወደ በረንዳ አውጥቼ አንድ በአንድ ስቆጥራቸው 43 ሆኑ። ከእነዚህ መካከል ሽፋኑ ያልተላቀቀ፣ ጀርባው ያልተሰነጠቀና ገጹ ያልረገፈ የተገኘው 9 ብቻ ነው። አራቱን ብል ከጠርዛቸው ጀምሮ በልቷቸዋል፤ የቀሩትም ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ የኖሩ ስለሆኑ አንዳንዶቹ በላስቲክ፣ አንዳንዶቹ በጫማ ማሰሪያ ታስረዋል። እናቴ ሣጥኑ ሲከፈት የወጣው ሽታ ሲደርሳት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «መጽሐፍ ሲያውስ የመመለሻውን ቀን በቃሉ ይይዝ ነበር» አለችኝ።

ሁሉንም በዚህ ክረምት ለመጠረዝ ወስኛለሁ። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ማተሚያ ቤት የጥረዛ ክፍል ሁለት ክረምት ስለ ሠራሁ እጄ ለሙያው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አንድ ነው፤ የምጠርዘውን መጽሐፍ ሁሉ ወደ መደርደሪያው ከመመለሴ በፊት ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ፣ የተሰማኝንም በዚህ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

የዕቃው ዝግጅት ተጠናቀቀ። ከመርካቶ 3 ሜትር አቡጀዲ፣ አንድ ጥቅል ጠንካራ የጥጥ ክር፣ ነጭ ኮላና ወፍራም ካርቶን ገዛሁ። ወስፌው እናቴ በወጣትነቷ ሰፌድና ሌማት ትሰፋበት የነበረው ነው፤ ክሩን የማሽበት ሰም ደግሞ ከጧፍ ቁራጭ ተገኘ። ሞርሳ ከጎረቤታችን አናጢ ተዋስሁ፤ ለክብደት የሚሆኑ ሁለት መጆች ከወጥ ቤቱ ጓሮ ተነሥተው ታጥበዋል።

ለተቀደዱ ገጾች የምጠቀመው የዱቄት ሙጫ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በ5 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጥና እብጠት እንዳይቋጥር እያማሰሉ በመለስተኛ እሳት ይበስላል፤ የዱቄቱ ንጣት ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲመስል ይወርዳል። ከሦስት ቀን በላይ ስለማይቆይ የምሠራው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ይህን የመረጥሁት ስለ ርካሽነቱ አይደለም። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ወረቀት ወደ ፊት ሌላ ሰው ሊያስተካክለው ቢፈልግ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል፤ ነጭ ኮላ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅምና ለጀርባው ብቻ አስቀርቼዋለሁ። ከሁሉ የሚከፋው ስኮች ነው። አባቴ ከ20 ዓመት በፊት በስኮች የጠገናቸው ገጾች ዛሬ የሻይ ቀለም ይዘዋል፤ ፕላስቲኩ ረግፎ የቀረው ሙጫ ግን እስካሁን ጣት ላይ ይጣበቃል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

በመጀመሪያ የተጠረዘው «ጦቢያ» ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተመውና የአማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ድርሰት ቀጭን በመሆኑ እጄን ለማፍታታት ይመቻል ብዬ አስቀደምሁት። የአባቴ ቅጂ በኋላ ዘመን የታተመና በክር ሳይሰፋ በሙጫ ብቻ የተያያዘ ስለሆነ፣ ሽፋኑን ስገልጠው ቅጠሎቹ እንደ መጫወቻ ካርታ ተበተኑ። የደረቀውን ሙጫ በቢላ ፍቄ ካነሣሁ በኋላ ቅጠሎቹን አስተካክዬ በሁለት ካርቶኖች መካከል ያዝሁ። ጀርባውን ወደ ቀኝ ሳጎነብሰው እያንዳንዱ ቅጠል ከጎረቤቱ በጥቂቱ ፈቀቅ ስለሚል ኮላው በመካከላቸው ይገባል፤ ወደ ግራም አጎንብሼ ደገምሁት፤ በመጨረሻ አቡጀዲ ደርቤበት ሌሊቱን በሞርሳ አሳደርሁት። ጀርባው ዛሬ በእጅ ተስቦ የማይነቀል ሆኗል።

ሽፋኑ ግን ተበላሸ። በማግሥቱ ጠዋት ካርቶኑ እንደ ጣሪያ ክዳን ቆርቆሮ ጎብጦ አገኘሁት። ካርቶንም ሆነ ወረቀት እንደ እንጨት ሁሉ ቃጫው የሚሄድበት አቅጣጫ አለው፤ ውኃ ሲጠጣ የሚሰፋው በቃጫው ርዝመት ሳይሆን በወርዱ ነው። ስለዚህ የካርቶኑም፣ የሚለበጠው ወረቀትም፣ የመጽሐፉም ገጾች ቃጫ ሁሉ ከጀርባው ጋር ትይዩ መሆን ሲገባው እኔ ካርቶኑን ለመቆጠብ ብዬ አግድም ቆርጬው ነበር። በክረምት አየር ደግሞ ይህ ስሕተት ሳይታይ አያልፍም። አቅጣጫውን ለማወቅ ካርቶኑን በሁለት በኩል ማጉበጥ ይበቃል፤ ሳይታገል በቀላሉ የሚታጠፍበት መሥመር የቃጫው መሥመር ነው። ሁለተኛው ሽፋን ቀጥ ብሎ ወጣ።

ታሪኩን ለ10 ዓመቷ ልጄ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላት። ጦቢያ ወንድ መስላ ስትጓዝ ማንም ሳያውቃት መቅረቱ ፈጽሞ አልተዋጠላትም፤ «ድምፅዋስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እኔ ግን የዚህን መጽሐፍ ግጥምጥሞሽ ሁሉ በደስታ እቀበለዋለሁ። የጠፋው መንትያ፣ ደጉ ነጋዴ፣ ተሸፋፍና የምትጓዘው ልጅ፣ ሁሉም እንደ እሳት ዳር ተረት በትክክለኛው ሰዓት ይደርሳሉ፤ አማርኛው ደግሞ እየተጠማዘዘ እንደሚወርድ ምንጭ ነው። ልጄም ጥያቄዋን ሳታነሣ አንድም ምሽት ባታልፍም፣ «ነገስ?» ሳትለኝ የተኛችበት ቀን አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ዛሬ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተፈታ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ አባቴ ደጋግሞ አንብቦታል፤ የእሱ ቅጂ በክር የተሰፋ ስለሆነ ቅጠሎቹ አልተበተኑም፣ የበሰበሰው ክሩ ነው። አሮጌውን ክር ቆርጬ ሳወጣ ባለ 16 ገጽ 35 ጥራዞች ተለያይተው ወጡ። ጥራዞቹን በጠረጴዛው ላይ በተራ ስደረድራቸው አንባቢው የት የት እንደ ቆየ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ጉዱ ካሣ የሚናገርባቸው ገጾች ጠርዛቸው በጣት ወዝ ጠቁሯል፤ ፊታውራሪ መሸሻ የሚገኙባቸው ደግሞ የቡና ጠብታ አለባቸው። የመጨረሻዎቹ 3 ጥራዞች ግን ከሌሎቹ ተለይተው ንጹሕ ናቸው፤ ምክንያቱን አላወቅሁም።

ይህን መጽሐፍ በተለየ መንገድ ለመስፋት ቆርጫለሁ። የብራና መጻሕፍታችን ጀርባቸው ሙጫ አይነካውም። ክሩ በቀጥታ በእንጨቱ ገበታ ጠርዝ ውስጥ በተበሱ ቀዳዳዎች ያልፍና ከጥራዝ ወደ ጥራዝ እንደ ሰንሰለት እየተቆላለፈ ሄዶ በሌላኛው ገበታ ላይ ይታሰራል፤ በዚህ ምክንያት መጽሐፉ በየትኛውም ገጽ ላይ ቢገለጥ በአትሮንሱ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ብዙዎቹ ገበታቸው ቀይ ቆዳ ለብሶ ይደጎሳል፤ ቆዳ ሳይለብሱ ዕራቁት እንጨት ሆነው ዘመናት ያገለገሉም አሉ። የእኔም ዕራቁቱን ይሆናል። ጎረቤታችን አናጢ ስለ ነገሩ ስነግራቸው «መጽሐፍ በእንጨት? የቄስ ልጅ እኮ ነኝ፣ ልጄ፤ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም» ብለው ከዋንዛ ጣውላ ሁለት ስስ ገበታዎች ጠረቡልኝ፤ ገንዘብ ለመቀበልም ፈቃደኛ አልሆኑም።

ሌላም ነገር ተወስኗል። ጥራዞቹ ስለ ተለያዩ በየምሽቱ አንዱን ጥራዝ ብቻ ይዤ ለእናቴ አነብላታለሁ፤ በማግሥቱ ጠዋት ያነበብነው ይሰፋል። ዛሬ ማታ በመጀመሪያው ጀመርን። እናቴ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማች ስለሆነች አነባበቤን በእሱ መዘነችው፤ «አትቸኩል፣ እሱ እዚህ ላይ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር» ትለኛለች። ትንፋሼን እየሰበሰብሁ አነበብሁ።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

መብራት ለሁለት ቀን ስላልነበረ ሥራው ቆሟል። ንባቡ ግን በሻማ ቀጥሏል፤ 6ኛው ጥራዝ ላይ ደርሰናል። ከሰል ላይ የበቆሎ እሸት እየጠበስን ስናነብ አንድ ጠብታ ቅቤ ወረቀቱ ላይ ወደቀ፤ በደረቅ ዱቄት መጥጬ አብዛኛውን አነሣሁት።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ሁለተኛውን ሣጥን ሳራግፍ «የእርሻ መመሪያ» የሚል ሽፋን ያለው፣ በእጅ የተጠረዘ መጽሐፍ አገኘሁ። አባቴ የሂሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ከእርሻ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ገልጬ ሳነብ ከመጀመሪያው መሥመር ጀምሮ «ኦሮማይ» ነው። እናቴ ጠርታኝ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ ዛሬም ሹክሹክታው አልለቀቃትም። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ አባቴ የገዛውን አልመለሰም። ሽፋኑን ቀድዶ አቃጠለና የአንድ የእርሻ መማሪያ ሽፋን ቆርጦ ለጠፈበት፤ መደርደሪያው ላይም በግልጽ አቆመው። በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ደራሲው በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ሲቀር ግን ከመደርደሪያው አውርዶ ሣጥን ውስጥ ቀበረው።

ጀርባው ሙሉ በሙሉ ተሰንጥቋል፤ መጠረዝ ያለበት ጥርጥር የለውም። ጥያቄው ሽፋኑ ነው። ደንበኛ ጠራዥ ቢሆን ይህን የማይገባ ሽፋን አንሥቶ አዲስ ያበጅለታል፤ በጀርባውም ላይ ትክክለኛውን ርእስ ይጽፍለታል። እኔ ሁለት ቀን ሳስብበት ቆይቼ የእርሻውን ሽፋን ከነቆሻሻው ለማቆየት ወሰንሁ። አባቴ በዚህ መጽሐፍ ላይ የጻፈው አንድ ፊደል እንኳ የለም፤ የእሱ ጽሑፍ ይህ ሽፋን ነው። ስለዚህ ውስጡን በአቡጀዲ አጠንክሬ፣ የተበላውን ጠርዝ በዱቄት ሙጫና በስስ ወረቀት ደግፌ፣ ሽፋኑን እንደ ነበረ መለስሁት። ርእሱን የጻፍሁት ከውስጥ፣ በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ ነው።

ስለ ታሪኩ የሚሰማኝን ለመናገር፣ ይህ በሁለት ቀን ተኩል የጨረስሁት ብቸኛ የአባቴ መጽሐፍ ነው። በቀይ ኮከብ ዘመቻ ሰሞን ወደ አስመራ የተላከው ጸጋዬ ኃይለማርያም የሰውን ሁሉ ጉዳይ መርምሮ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ሆኖ ሳለ፣ የገዛ ልቡ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቀው ከአንባቢው በኋላ ነው። ፊያሜታን እኔም እወዳታለሁ፤ አዲስ አበባ ላይ ለቀረችው ለሮማን ግን አብዝቼ አዘንሁ፤ ባለቤቴም በዚህ ከእኔ ጋር ትስማማለች። የርእሱን ነገር ሳስብ ደግሞ ይገርመኛል። ከጣሊያንኛ መጥቶ አስመራ ላይ «አበቃ፣ አለቀ» ለማለት የሚነገር ቃል ነው፤ እሱን ርእስ ያደረገ መጽሐፍ ግን 40 ዓመት አልፎትም በየቤቱ ሣጥን እየተገኘ ይነበባል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

በዚህ ሳምንት 7 መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ተጠርዘው በመጆቹ ሥር ናቸው። በዝናቡ ምክንያት አንድ ጀርባ ለመድረቅ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሌሊት ወደ ሁለት ቀን ከፍ ብሏል፤ በሚደርቁበት ጊዜ በየገጹ መካከል የማስገባውን ጋዜጣ ጠዋትና ማታ እለውጣለሁ፤ ካልተለወጠ ሻጋታ ይጀምራል።

ከነዚህ መካከል ከአባቴ ጋር በሐሳብ የተለያየሁበት «አደፍርስ» አለ። የዳኛቸው ወርቁን መጽሐፍ አባቴ «ጥርስ የሚሰብር» እያለ ከግማሽ በላይ አልሄደበትም፤ ከ110ኛው ገጽ በኋላ ያሉት ቅጠሎች ገና እንደ አዲስ ናቸው። እኔ ግን በዝግታ ሲነበብ ደስ የሚል ሆኖ አገኘሁት። አደፍርስ ከሁሉም ጋር ሲከራከር አንዳንድ ጊዜ ልቤን ያደክመዋል፤ ነገር ግን ወይዘሮ አሰጋሽ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር አማርኛው እንደ ጠጅ ይፈላል፤ ለእርሳቸው ንግግር ስል ብቻ ሁለተኛ ጊዜ አነበዋለሁ። «ከአድማስ ባሻገር»ን በአንጻሩ አባቴም ወዶታል፣ እኔም ወድጄዋለሁ፤ ቢሮ ተቀምጦ ሥዕል የሚያልመውን አበራ ወርቁን ሳነብ አባቴ በሂሳብ መዝገብ ጠርዝ ላይ ይሥላቸው የነበሩ ወፎች ትዝ አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ ነው። ከሰዓት በኋላ የሰፈር ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ሲገቡ በረንዳው ላይ የተዘረጉትን ገጾች እንዳይረግጧቸው ልጄ በር ላይ ዘብ ቆመች። እናቴ ሙልሙሉን አደለች፤ ከዚያም ልጆቹ ሞርሳው ምን እንደሆነ ጠይቀው አንዱ ጥራዝ ሲሰፋ ቆመው አዩ።

ዛሬ የተጀመረው ከሁሉም ወፍራሙ ነው፤ የማርጋሬት ሚሼል ድርሰት፣ ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው። ይህን መጽሐፍ በእጄ ስይዝ እንደ ጠራዥ የተለየ አክብሮት ይሰማኛል። ተርጓሚው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ የተረጎመው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ነበር፤ ወደ 3,000 የሚጠጉት እነዚያ ብጣሾች ተመልሰው በፓኮው ውስጥ እየተጠቀለሉ፣ ከእስር በሚፈቱ ሰዎች እጅ ጥቂት በጥቂት ወጡ። እኔ የዚህን መጽሐፍ ወረቀት በተራው ለመያዝ ሞርሳና ሁለት መጅ አስፈልጎኛል።

ስካርሌትን በሚመለከት ቤታችን ተከፍሏል። ባለቤቴ ራስ ወዳድነቷን አልወደደችላትም፤ እናቴ ግን የመስኮቱን መጋረጃ አውርዳ ቀሚስ ያሰፋችበትን ቦታ ስነግራት «ሴት ማለት እንዲህ ናት፤ የነበረውን ወደሚያስፈልገው ታዞራለች» ብላ ጥብቅና ቆመችላት። እኔም ብርታቷን አደንቃለሁ። መጽሐፉ የባርነትን ኑሮ የደስታ ኑሮ አስመስሎ የሚያቀርብባቸው ክፍሎች ግን አስከፍተውኛል፤ ይህንንም ልጄ ለማንበብ ስትደርስ ከመስጠቴ በፊት እነግራታለሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

34 መጻሕፍት ተጠርዘው ሊያልቁ የቀረው 5 ነው። ከብል የዳነው ሁሉ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ተራግፏል። የመጀመሪያው ቅጠል ከጎደለው አንድ የግጥም መድበል በስተቀር ሁሉም ሙሉ ናቸው፤ የጎደለውንም ከአንድ ወዳጄ ቅጂ ላይ ፎቶ ኮፒ አንሥቼ በዱቄት ሙጫ አስገባሁት።

«ፍቅር እስከ መቃብር» 27ኛው ጥራዝ ላይ ነው። እናቴ ፊታውራሪ መሸሻን በጣም ትወዳቸዋለች። ለልጃቸው የሚመጥን ሰው ከምድር ላይ አጥተው ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ፣ ከባላገሩ ጋር ጦርነት ገጥመው ሲማረኩ፣ እሷ ከት ብላ እየሳቀች «ምስኪን» ትላቸዋለች። እኔ የጉዱ ካሣ ወገን ነኝ፤ እውነቱን ስለ ተናገረ እብድ የተባለው እሱ ነውና። በዛብህ ላይ ግን ሁለታችንም አንድ ቅሬታ አለን። በዚያ ሁሉ ትምህርትና ቅኔ ልቡን ለመናገር ይህን ያህል ጥራዝ ማስጠበቅ አልነበረበትም።

ዓርብ፣ መስከረም 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

መደርደሪያው ትናንት በዓሉን ምክንያት አድርጎ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ጎረቤታችን አናጢ በገዛ እጃቸው ሰቅለውት፣ ጠጅ ቀምሰው፣ የዋንዛውን ገበታ ደጋግመው ዳስሰው ሄዱ። ልጄ ከጓሮ ያመጣችውን አደይ አበባ በላዩ አስቀመጠችበት። የእርሻ መመሪያውም ከሌሎቹ መካከል ቆሟል።

ማታ 32ኛውን ጥራዝ አነበብን። ሰብለ ወንጌል መንገድ ላይ ናት። ቀጣዩን ለማንሣት ስዘረጋ እናቴ እጄን ያዘችና «ይብቃን፤ እዚህ ላይ እናቁመው» አለችኝ። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ አባቴም በሕይወት ሳለ ሲያነብላት ሁልጊዜ የሚያቆመው እዚህ ላይ እንደ ነበረ ነገረችኝ፤ በሬዲዮ ሲተላለፍም እዚህ ሲደርስ ተነሥታ ትዘጋው ነበር። መጨረሻውን አንድ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ከዚያ ወዲህ አልፈለገችውም። «አሁን ገና እየሄደች ናት» አለች፤ ነጠላዋንም አጣፍታ ተነሣች። የነዚያን ንጹሕ ጥራዞች ምክንያት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ጠዋት ክሩን በሰም አሽቼ 33ኛውን፣ 34ኛውንና 35ኛውን በየተራቸው ሰፋሁ፤ የክሩን ጫፍ በሁለተኛው ገበታ ቀዳዳ አሳልፌ አሰርሁት። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ 32ኛው ጥራዝ ላይ ስገልጠው ሳይዘጋ ተዘርግቶ ቆየ።